የቀልብ ቁና

አዝማሪ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ተመልካች ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይመጣና መነጽሩን፣ ኮቱን፣ ያዘዘውን መጠጥ፣ አብራው የመጣችውን ሴት ሳይቀር በግጥም ያነሳሳል። እንግዳው ከሳቀ ሌላ ስንኝ ይከተላል፤ ፊቱን ካጠቆረ አዝማሪው ነገሩን በሙገሳ አለዝቦ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። ደፈር ያለ እንግዳ ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል። ብር ግንባር ላይ ሲለጠፍ ሙገሳው ይረዝማል። ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት በነዚያ ጠባብ ቤቶች አንድ ምሽት ያሳለፈ ሰው፣ ዘፈን የአድማጩ ፊት እየተነበበ እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ አይቷል።

ስለዚህ «ኢንተርኔት ጥበብን ለተመልካች አጎብዳጅ አደረገው» ሲባል ስሰማ አዝማሪው ትዝ ይለኛል። ተመልካቹን ሳያይ የኖረ ጥበብ ጥቂት ነው። ቀልብ የሚስብ ይሸለማል፣ የማይስብ ጦሙን ያድራል፤ ይህ ከማሲንቆው ጋር አብሮ የኖረ ሕግ ነው። የተለወጠው ቀልብ የሚሰፈርበት ዕቃ ነው።

ነገሩን ከገበያ እንጀምረው። በኪሎ የሚሸጥ በርበሬ ውኃ ይረጭበታል፤ በቁና የሚሸጥ እህል ደግሞ ሳይጠቀጠቅ ላላ ተደርጎ ይሰፈራል። ማጭበርበሩ እንኳ የመስፈሪያውን መልክ ይይዛል። ሐቀኛው ነጋዴም ቢሆን ዕቃውን የሚያዘጋጀው መስፈሪያውን እያየ ነው። ዘፈን፣ ፊልም፣ ሥዕል፣ ወሬ ሁሉ እንዲሁ ናቸው።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኸርበርት ሳይመን ገና በ1971 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) መረጃ ሲትረፈረፍ የሚያጥረው የሰው ትኩረት እንደሆነ ጽፎ ነበር፤ መረጃ የሚበላው የሰሚውን ቀልብ ነውና። ያን ጊዜ ግን ቀልብን በሰከንድ የሚሰፍር መሣሪያ በየሰው ኪስ አልገባም ነበር።

መስፈሪያ ቅርጽን እንደሚወልድ ለማየት ጥቂት ወደኋላ መሄድ ይጠቅማል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የተለመደው ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ወደ ሦስት ደቂቃ የሚጠጋ ድምፅ ነበር። የዓለም ተወዳጅ ዘፈን በአብዛኛው ሦስት ደቂቃ የሆነው ከዚያ የተነሣ ነው፤ የሰው ስሜት ተለክቶ የወጣ ርዝመት እንዳይመስላችሁ። በ1949 የመጣው ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላም ከዚያ ብዙ አልራቀም። አምሃ እሸቴ በ1969 አዲስ አበባ ላይ የሸክላ ማሳተም ሥራውን ሲጀምር የእኛም ዘመናዊ ዘፈን ወደዚያች ትንሽ ክብ ገባ።

ከዚያ የካሴት ዘመን መጣ። የስልሳ ደቂቃ ካሴት በየፊቱ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል፤ አሥር ዘፈን ቢጫንበት ለእያንዳንዱ ስድስት ደቂቃ ይደርሰዋል። አቀናባሪው ለክራር መግቢያ፣ ለመሀል ሳክስፎን፣ ቀስ ብሎ ለሚከስም መዝጊያ ቦታ ነበረው። ገዢው አንዴ ከፍሏል፤ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ ይስማው አይስማው የማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ደግሞስ መዝለል ቀላል ነበር? ቴፑን ወደፊት ማስኬድ ባትሪ ይበላል። ባትሪ ፀሐይ ላይ እያሰጣ፣ ካሴት በእስክሪብቶ እየጠመዘዘ ያደገ ትውልድ የማይወደውንም ዘፈን ጨርሶ ይሰማ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ይወደዋል። እኔ ከምወዳቸው ዘፈኖች ግማሹን የወደድኳቸው በባትሪ ቁጠባ ምክንያት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አሁን ያለው ቁና ግን ሠላሳ ሰከንድ ነው። ዘፈን በኢንተርኔት በሚያሰማው ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን «ተሰማ» ተብሎ የሚቆጠረው ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ነው። ሃያ ዘጠኝ ሰከንድ ተሰምቶ የታለፈ ዘፈን እንዳልተሰማ ነው። ሠላሳ አንድ ሰከንድ የተሰማውና ሰባት ደቂቃ ሙሉ የተሰማው ደግሞ እኩል አንድ፣ አንድ ተብለው ይመዘገባሉ። ይህን ደንብ ለአንድ ብልህ ነጋዴ ስጡትና የሚያደርገውን ገምቱ። ዋናውን ዜማ ወደፊት ያመጣል፤ መግቢያውን ይቆርጣል፤ ሰባት ደቂቃውን ከፍሎ ሁለት ዘፈን ያደርገዋል። አንድ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከ1986 እስከ 2015 በአሜሪካ የተወዳጅ ዘፈኖች ሠንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ የገቡ ዘፈኖችን መርምሮ በ2017 ባወጣው ጥናት፣ በአማካይ ከሃያ ሰከንድ በላይ የነበረው የመሣሪያ መግቢያ ወደ አምስት ሰከንድ መውረዱን አሳይቷል። ጥናቱ የሚጀምረው ስፖቲፋይ ከመወለዱ ከሃያ ዓመት በፊት ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ደንብ ላይ ማላከክ ልክ አይሆንም፤ የአድማጩ ጣት ቀድሞውንም እየፈጠነ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቀኝ የዝናብ ነገር ነው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው የዝናብ ድምፅ ከፍቶ ይተኛል። ይህን ያዩ ሰዎች ዝናቡን ሠላሳ ሰከንድ፣ ሠላሳ ሰከንድ እያደረጉ ቆራርጠው ይጭኑ ጀመር፤ ተኝቶ የሚያድረው ሰው ሳያውቀው በመቶዎች የሚቆጠሩ «ዘፈኖች» ይሰማላቸዋል። ቀልብ ተብሎ የሚከፈልበት የተኛ ሰው ጆሮ ሆነ ማለት ነው። ስፖቲፋይ በ2023 መጨረሻ ላይ ደንቡን አጠበቀና ከ2024 ጀምሮ እንዲህ ያለ ድምፅ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ካልሆነ ክፍያ እንደማያገኝ፣ ማንኛውም ዘፈንም በዓመት ውስጥ አንድ ሺህ ጊዜ ካልተሰማ እንደማይከፈለው አስታወቀ። ለዝናብ እንኳ ቁና ወጣለት።

በእኛ ዘንድ የዘፈን ዋናው አደባባይ ዩቲዩብ ነው፤ የዩቲዩብ ቁና ደግሞ ሌላ ነው። እስከ 2012 ድረስ በዋናነት የሚቆጠረው ጠቅታ ነበር። ጠቅታ ሲቆጠር ሰው ሁሉ የሚሠራው በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ቤት ይኑር አይኑር ግድ አይሰጠውም። አሳሳች ሥዕል የተለጠፈባቸው ባዶ ቪዲዮዎች ሲበዙ ዩቲዩብ በዚያው ዓመት መስፈሪያውን ወደ ቆይታ ጊዜ ለወጠ። ስንት ሰው ነካው መባሉ ቀርቶ ስንት ደቂቃ ቆየ ይባል ጀመር። ሐሳቡ ደግ ነበር። ግን በደቂቃ የሚከፈለው ሰው ደቂቃ ያመርታል። በዚያ ላይ በቪዲዮ መሀል ማስታወቂያ ለማስገባት አሥር ደቂቃ መሙላት ያስፈልግ ነበር፤ በ2020 ወደ ስምንት ወረደ። አሥር ደቂቃን በጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚያልፉ ቪዲዮዎች እንደ አሸን የፈሉት ለዚህ ነው።

አማርኛ ዩቲዩብን የከፈተ ሰው የዚህን ቁና መልክ ወዲያው ያየዋል። አንድ ሰዓት ከሃያ የሚፈጅ ቃለ ምልልስ። ሽፋኑ ላይ እንባ ያቀረረ ፊት፣ ቀይ ቀስት፣ «ጉድ» ወይም «አነጋጋሪ» የሚል ቃል። እንግዳዋ ያለቀሰችበት ሃያ ሰከንድ ተቆርጦ መጀመሪያ ላይ ይገባል፤ ከዚያ ትውልድ፣ እድገት፣ ትምህርት ይተረካል፤ ለቅሶው ተመልሶ የሚመጣው ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ ነው። ጠያቂው ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። ሁለት ቁና ባንዴ ተቀምጦበታል፤ ሽፋኑ ለጠቅታ፣ ርዝመቱ ለቆይታ። ከዚሁ ዘር ጥሩ ነገር እንደበቀለም መካድ አይቻልም። ድሮ ቴሌቪዥን አምስት ደቂቃ ሰጥቶ የሚሸኛቸው አንጋፋ ሙዚቀኞች ዛሬ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ የትኛው ክለብ ስንት ይከፍል እንደነበር ይተርካሉ። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ጎተራ ሙሉ እህል ነው።

አንድ ሺህ እይታም ከሌላው አንድ ሺህ እይታ እኩል አይደለም። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ተመልካቹ ባለበት አገር ገበያ ስለሆነ ዋሽንግተን ሆኖ የሚያይ ሰው ደብረ ማርቆስ ሆኖ ከሚያየው የበለጠ ገንዘብ ያመጣል። በአማርኛ ዘፈን ናፍቆት፣ አገር ቤትና እናት የሚደጋገሙት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ ትዝታ የሚባል ቅኝት ያለን ሰዎች ነን፣ ናፍቆትን ከዩቲዩብ አልተማርነውም። ቁናው ግን ናፍቆትን እንደማይጎዳው ግልጽ ነው።

በገዛ ስልካችሁ ልታዩት የምትችሉት ነገር አለ። ከ2022 ጀምሮ ዩቲዩብ ብዙ በታዩ ቪዲዮዎች የጊዜ መስመር ላይ ግራጫ ኮረብታ ያሳያል፤ መስመሩን በጣት ሲጎትቱት ብቅ ይላል። ከፍ ያለው ቦታ ሰዎች ደጋግመው ያዩት ነው፤ ዝቅ ያለው የዘለሉት። የቪዲዮው ባለቤት ዘንድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ዝርዝር አለ፤ ከመቶ ተመልካች በየቅጽበቱ ስንቱ እንደቀረ የሚያሳይ፣ እየወረደ የሚሄድ መስመር።

ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወዳጄ ይህን መስመር አሳይቶኛል። ዘፈኑ ወራት ቀደም ብሎ የወጣ የትዝታ ዘፈን ነው፤ አርባ ሰከንድ የሚሆን የክራር መግቢያ አለው። መስመሩ ክራሩ ላይ እንደ ዓባይ ሸለቆ ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ድምፃዊው አፉን ሲከፍት ቀጥ ይላል። ወዳጄ ጣቱን ገደሉ ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ ነው ሰው የሚያልቀው» አለኝ። ድምፃዊው ሁለተኛ ዘፈኑን ሊያስጨርስ መጥቶ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። ክራሩን የመቱት አጎቱ ስለሆኑ፣ ለሁለተኛውም ዘፈን እንዲሁ ያለ መግቢያ ስለሠሩለት፣ ምንም አልተናገረም።

ሰው ገደሉ ላይ መቅረቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ያ መስመር ግን ተመልሶ ማሽኑ ዘንድ ይሄዳል። የጎግል መሐንዲሶች በ2016 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ቀጥሎ ምን እንይ የሚለውን የሚመርጥልን ሥርዓት ሁለት ወንፊት አለው። የመጀመሪያው ከሚሊዮኖች ቪዲዮዎች መካከል ለአንድ ተመልካች ይሆናሉ የተባሉ ጥቂት መቶዎችን ያስቀራል። ሁለተኛው እነዚያን በደረጃ ይደረድራል፤ ለደረጃው የተጠቀሙበት ዋና መመዘኛ ያ ሰው ቪዲዮውን ለስንት ደቂቃ ያህል ሊያይ ይችላል የሚለው ግምት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተመልካቹን እርካታ የሚጠይቁ መለኪያዎች ተጨምረዋል፤ መሠረቱ ግን የሰው ኮቴ ነው። አንተን የመሰሉ ሰዎች ምን ላይ ቆዩ? ምኑን ጥለው ሄዱ? ስለዚህ ለአርባ ሰከንድ ክራር ያልታገሡት የመጀመሪያዎቹ ሺህ ሰዎች፣ ቢሰሙት ይወዱት ለነበሩት ቀጣይ መቶ ሺህ ሰዎች ይወስኑላቸዋል።

«ጥሩ ሥራ ከሆነ ራሱ መንገዱን ያገኛል» የሚል ሰው እዚህ ላይ አይጠፋም። ለእርሱ የምነግረው አንድ ሙከራ አለ። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ነው። ስማቸው ከማይታወቅ ባንዶች 48 ዘፈኖች ሰብስበው በኢንተርኔት 14,341 ሰዎችን ጋበዙ። ሰዎቹ ዘፈን ይሰማሉ፣ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ከፈለጉ በነፃ ያወርዳሉ። አንዱ ቡድን የሚያየው የዘፈንና የባንድ ስም ብቻ ነው። የቀሩት ሳያውቁት በስምንት «ዓለማት» ተከፋፍለዋል፤ እዚያ ከየዘፈኑ ጎን ከእነርሱ በፊት በዚያው ዓለም ስንት ሰው እንዳወረደው ተጽፏል። ስምንቱም ዓለማት የጀመሩት ከዜሮ ነው።

ስምንት አዲስ አበባዎችን አስቡ፤ ዘፈኑም ሰዉም አንድ ዓይነት። ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነም። ቁጥር ሳያዩ በመረጡት ሰዎች ዘንድ 26ኛ የወጣ አንድ ዘፈን በአንደኛው ዓለም 1ኛ ሆነ፤ በሌላው 40ኛ። በአንዱ አዲስ አበባ በየታክሲው ይጮኻል፤ በሌላው ማንም አያውቀውም። በጣም ጥሩ የተባሉት እስከ መጨረሻ አልወደቁም፣ በጣም ደካማዎቹም እምብዛም አልወጡም፤ በመካከል ያለው ሰፊ መሬት ግን መጀመሪያ የገቡት ጥቂት ሰዎች ወዴት እንዳዘነበሉ ይከተላል። ቁጥሩ ጎላ ብሎ ሲታይ ደግሞ በአንደኛውና በቀሩት መካከል ያለው ርቀት ሰፋ። ቁጥር የመወደድ ውጤት እንደሆነ እንገምታለን፤ ሙከራው የመወደድ መንሥኤም እንደሆነ አሳየ። እይታ በገንዘብ የሚገዛው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

የፊልሙን ነገር ቶሎ ልለፈው፤ አካሄዱ ያው ነው። ኔትፍሊክስ በ2017 የመክፈቻ ሙዚቃን መዝለያ ቁልፍ አመጣ። በ2019 መጨረሻ ሁለት ደቂቃ የታየን ፊልም «ታየ» ብሎ ይቆጥር ጀመር፤ በ2021 ቁናውን ወደ ሰዓት አዞረ። ፌስቡክ ቪዲዮ ያለ ድምፅ በራሱ እንዲጀምር ሲያደርግ ምስል ላይ ትልልቅ ጽሑፍ መለጠፍ ፋሽን ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሰምና ወርቅ ነው። ሰም ቀድሞ ይሰማል፤ ወርቁ ዘግይቶ ይመጣል። «ተሰቀለ» የምትል አንዲት ቃል በሰሟ የጌታን ስቅለት፣ በወርቋ በፍቅር የተንጠለጠለ ልብን ትይዛለች። ሰሚው ሰሙን ይዞ ይሄዳል። ወርቁ የሚበራለት ቤቱ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ነው፤ ብቻውን ይስቃል። ያ ሳቅ በየትኛውም ቁና አይሰፈርም። ስልኩ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ቪዲዮው ካለቀ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። በሰከንድ ለሚሰፈር ጥበብ እንዲህ ያለው ዘግይቶ የሚከፈል ደስታ ዱቤ ነው፤ ማሽን ደግሞ ዱቤ አይሰጥም።

ዱቤው አንዳንዴ የሚመለስበት መንገድ ግን እዚያው ኢንተርኔት ውስጥ አለ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሲሻገር እርሱ ዋሽንግተን ቀረ፤ በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት ሠራ። ከጊዜ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመዳል። የአፍሪካ ካሴቶችን እያሰባሰበ በኢንተርኔት የሚያሰማ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው፤ ባለቤቱን ፈልጎ በ2013 ዳግም አሳተመው። ኃይሉ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ተቀመጠ፤ በ2018 አዲስ አልበምም አወጣ። ያ ሰው ካሴቱን የመረጠው ከፊቱ የተጻፈ ቁጥር አይቶ አይደለም፤ የገዛውን ካሴት ስለሰማው ነው። ወሬውን ወደ ሌላው ዓለም ያደረሰው ግን ያው የምንወቅሰው ኢንተርኔት ነው።

የወዳጄ ዘፈን መጨረሻስ? ስለ ሁለተኛው ዘፈን መግቢያ ሁለት ቀን ተከራከሩ። ድምፃዊው አጎቱን ማስቀየም አልፈለገም፤ ወዳጄ ገደሉን መድገም አልፈለገም። በመጨረሻ ክራሩን ከፊት ቆርጠው ከኋላ ቀጠሉት። ዘፈኑ በቀጥታ በድምፅ ይጀምራል፤ ድምፁ ሲያበቃ አርባ ሰከንድ ክራር ብቻውን ይቀራል። አዲሱን መስመር አይቼዋለሁ፤ ክራሩ ጋ የደረሰው ሰው ብዙ አይደለም፤ የደረሰው ግን ከዚያ ወዲያ አልወረደም፣ እስከ መጨረሻዋ ክር ቀጥ ብሎ ሄዷል። አጎትየው ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም።

«ሰው ሲወጣ ነው እንዴ እንኳን ደህና መጣህ የሚባለው?» ይላሉ።